የዘንዶው ደብዳቤ በገቢ መዝገብ

ዕፀገነትን ስታዩዋት ዝንብ እሽ የምትል አትመስልም። ዋጫ ተወልዳ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቦንጋ ከመጣች ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት መሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ተቀምጣ ወጪ ደብዳቤ ትመዘግባለች። እኔ መሲ ደግሞ አጠገቧ ገቢውን እመዘግባለሁ። ሻይ ስትጠጣ እንኳ ድምፅ አታሰማም። ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምሳ ሰዓት በሩን ዘግታ የምትጽፈውን ብታነቡ እንቅልፍ በዓይናችሁ አይዞርም!

ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ተረት ሁሉ ይዛ ሆድ ዕቃውን ትዘረግፈዋለች። የእንጀራ እናቷ የምታሰቃያት ልጅ የለችም? እሷ ዘንድ ልጅቷ እንጀራ እናቷን ማር በርሜል ውስጥ ዘፍቃ፣ ክዳኑ ላይ ቁጭ ብላ ጸጉሯን ትሠራለች። ብልጧ ጦጣ ዳኛ ትሆንና ከሳሽንም ተከሳሽንም ትበላለች። "አንቺ፣ በጾም እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?" ስላት፣ "ሥጋውን የበሉት እነሱ፣ እኔ ምን አገባኝ?" ትለኛለች። የማነብላት እኔ ብቻ ነኝ፤ እውነቱን ልናገርና እኔም ግማሹን እዘለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ዘንዶውን ጀመረች። ያ ድሮ ነግሦ በየዓመቱ ልጃገረድ ይገበርለት የነበረውን። የእሷ ዘንዶ ከቦንጋ በላይ ደኑ ውስጥ ይኖራል፤ ግን ማንንም አያሳድድም፣ ማንንም አያስፈራራም። ለምን ይደክማል? ማኅተም አለው። ደብዳቤ ይጽፋል።

ደብዳቤውን ደግሞ እንደ ወጉ አሳምራ ጻፈችለት፤ እጇ ለምዶ የለ! "ጉዳዩ፦ ስለ አንዲት ልጃገረድ ርክክብ። የዘንድሮዋ ተረኛ ፀደንያ የተባለች የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ስለሆነች፣ ከነዩኒፎርሟ ለምሳችን እንድትቀርብ የተለመደ ትብብራችሁን እንጠይቃለን።" ከታች "ግልባጭ፦ ለገደል ማሚቶ" ይላል።

ይህንን ገጽ ሰኞ ዕለት በቢሮው ፕሪንተር አትማ ሳታነሣው ባለጉዳይ መጣባት። እኔ በኢሜይል የመጡትን ደብዳቤዎች ከፕሪንተሩ ላይ ሳፍስ እሱንም አፈስኩት። "ጉዳዩ" የሚለውን አየሁ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ የገቢ ማኅተሙን ግጭ አደረግኩበትና ወደ ኃላፊው ላክሁት።

ኃላፊያችን አቶ ዓለሙ ናቸው። እሳቸው ደብዳቤ አያነቡም፤ ይመራሉ። ጥጉ ላይ "ለአቶ አዲሱ፤ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም" ብለው ፈረሙ። አዲሱ "ለወ/ሮ በዛወርቅ፤ በአስቸኳይ" አለበት። በዛወርቅ ደግሞ "ጋሽ ደጉ ያስፈጽም" ብላ ገላገለችው። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ፊርማ!

ጋሽ ደጉ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ስብሰባ ላይ ሳለን በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ወረቀቱን አቶ ዓለሙ ፊት አኖሩት።

"ጌታዬ፣ ከፈለጉ ያባርሩኝ! እኔ ይቺን ልጅ አልወስድም። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ!"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ የራሱን ፊርማ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ የራሴን ማኅተም ሳይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዕፀገነት ብድግ አለችና "ጽሑፉ የኔ ነው፤ ተረት ነው ጋሽ ደጉ፣ ልጅቷ የለችም" አለቻቸው። ሽማግሌው ወንበር ላይ ዘጭ ብለው "ተመስገን!" አሉ።

ሰው ሲያፍር የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል። በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ለሰኞ ተጠራ፤ ዕፀገነት ልትባረር ነው ተባለ። ዋጫ ያሉ አሮጊት እናቷን የምትጦረው በዚችው ደመወዝ ነው። ወረቀቱን ያስገባሁት ደግሞ እኔ! እናገራለሁ እያልኩ ሦስት ቀን ምላሴን ሳመላልስ ከረምኩ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ኮሚቴው ማለት አቶ ዓለሙ፣ አዲሱና በዛወርቅ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አቶ ዓለሙ ጠረጴዛውን ደበደቡ። "ዘንዶ ያደረግሽው እኔን ነው አይደል? ተናገሪ!"

"ኧረ በጭራሽ አቶ ዓለሙ" አለች፣ በዚያች ቀጭን ድምጿ። "የኔ ዘንዶ የሚበላትን ልጅ ስም ያነባል።"

ያኔ እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ! እኔም አላነበብኩም!" ብዬ ጮህኩ። በዛወርቅ አቀርቅራ፣ ዕፀገነት ከተባረረች ደብዳቤው ከነፊርማዎቹ በማስረጃነት ለበላይ አካል መላኩ እንደማይቀር አስታወሰች። አዲሱ ወዲያው ሳል ያዘው። በአንድ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ይበቃታል ተባለ።

ማስጠንቀቂያውን እንዳረቅቅ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። አርቅቄ ወሰድኩላቸው። አቶ ዓለሙ እስክሪብቶውን አነሡ፣ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ጥጉ ሄደና ቆመ። መሳቢያ ከፍተው መነጽር አወጡ። መነጽር እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። በመጨረሻ "ይኼ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?" ብለው መለሱልኝ።

"እኔ እንጃ፣ ሁልጊዜ የምንጽፈው ነው" አልኳቸው።

አሁን አንድ ደብዳቤ ከቢሯቸው ለመውጣት ሳምንት ይፈጅበታል። በረንዳ ላይ የተሰለፈው ባለጉዳይ የሚረግመው ደግሞ እኔን ነው።