የአያ ደምሌ ስንኝ

በወይራ የታጠነ የእርጎ ቅል ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ካፍንጫዬ ሲደርስ፣ እናቴ የሰጠችኝን ቅል አዝዬ ወደ መጦሪያው እሮጥባቸው የነበሩት እሑዶች ይመጡብኛል። መጦሪያው ከወረታ ዳር፣ ከደብሩ አጥር ሥር ያለ ረዥም የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አካለ ስንኩላን በምእመኑ ምጽዋት ይኖሩበት ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሌም እዚያ ነበር፤ በክፉ ዘመን ጓያ ብቻ በልቶ እግሩ የሰለለ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ግን አገር ምድሩን የሚያስቅ ሰው።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይናቸው ለጠፋ አንዲት እማሆይ ገበያ የሚወርደውን ሰው ሁሉ እየቆጠረ ይነግራቸው ነበር፤ እውነቱ ሲያልቅበት ውሸት ይጨምር ነበር። «እማሆይ፣ ካባ የለበሰ በሬ እያለፈ ነው!» ሲላቸው፣ «ዋሾ! ካባው ምን ዓይነት ነው?» ይሉት ነበር፤ እኔም እርጎውን ረስቼ ሆዴን ይዤ እንከባለል ነበር።

እዚያ የገባው በክረምት ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ቤታችን ውሃ ገባውና አባቴ አብሮን የሚኖር ወንድሙን ከደብሩ ጉብታ አደረሰው፤ ውሃው ሲጎድል አያ ደምሌ «እዚሁ ተመችቶኛል» ብሎ ቀረ። ጎረቤት ደግሞ አፍ አለው፤ «ወንድሙን ለምጽዋት ጣለው» ይባል ጀመር፣ አባቴም ይህን ሲሰማ እህል አይዋጥለትም ነበር። በየመስከረሙ ቃሬዛ ይዞ ይሄዳል፣ በየመስከረሙ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። አንድ ዓመት ግን ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ዘንድሮ እምቢ ካልኸኝ ወንድምህ አይደለሁም፣ ስሞትም እንዳትቀብረኝ!» አለው። አያ ደምሌም በቃሬዛው መጣ።

መጣ፣ ሳቁ ግን አብሮት አልመጣም። እናቴ ወተቱን ቅቤውን ስታቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቀመስ አድርጎ ይመልስላት ነበር፤ ሁላችን እርሻ ስንውል ብቻውን ከደጅ ተቀምጦ ወደ ደብሩ ያይ ነበር። አንድ ቀን ሲያለቅስ አገኘሁት። «ላባትሽ እንዳትነግሪ፣ የሠራልኝ ደግ ነው፣ ልቡን አትስበሪው» ብሎ በሥላሴ አስማለኝ።

ኅዳር ገባ፣ ጤፋችን ደረሰ፣ ደቦ ተጠራ። አያ ደምሌ ድሮ የታወቀ ዘፈን አውጪ ነበርና በቃሬዛ ተሸክመው ከማሳው ዳር አስቀመጡት። በእኛ አገር የደቦ አውጪ በዘፈኑ ያሻውን ቢል አይቀየሙትም፤ አጫጁም የተባለውን ደግሞ መመለስ አለበት። የሰነፎቹን ማጭድ አማ፣ እናቴንም ጠላሽ ቀጠነ ብሎ አስቆጣት፤ የጠፋው ሳቅ ሁሉ የተመለሰ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ወንድሜ ቤት አለው ወተት የሞላበት፣
መልሰኝ ከደብሩ ሳቄን ከተውሁበት» አለ።

ደቦው ሁሉ ተቀበለ። አባቴም አጎንብሶ እያጨደ አብሮ መለሰና፣ ስንኙን ሳይጨርስ ነገሩ ገብቶት ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ሊጣሉ ነው ብዬ ነፍሴ ወጣች። እሱ ግን ማጭዱን ጥሎ መጣና ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ።

«ታዲያ ደህና አድርገህ በቃልህ አትነግረኝም ነበር፣ አያ?»

«በቃሌማ ስንት መስከረም ነገርሁህ፣ መቼ ሰማኸኝ!» አለና አንገቱን አቀፈው።

ቃሬዛው እያለ አባቴ በጀርባው አዝሎት ወደ ደብሩ ሄደ። ያ አፈኛ ጎረቤት ሁሉ እየዘፈነ ሸኛቸው፤ ሁለቱም እየሳቁ ሲርቁ ይሰማን ነበር። ከዚያ ወዲያ «ጣለው» ያለ የለም።

ዛሬ ያ የጤፍ ማሳ ሩዝ ሆኗል፤ እኔም አርጅቼ ወረታ ብቻዬን እኖራለሁ። ልጄ ከባሕር ዳር እየደወለ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ እንኳ ነይ፣ ሰው ምን ይለኛል?» ይለኛል። ደግ ልጅ ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ከባልንጀሮቼ ጋር ስስቅ ነው የምውለው። ይህንኑ በስልክ ስንት ጊዜ ነገርሁት፣ አልሰማኝም፤ ስንኝ ባወጣም አብሮት የሚቀበል ደቦ የለም።