ድምፅ የቀነሰች ጣት

በጤና ጣቢያችን የማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በፎቶው ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ የተኛች፣ ሆዷ የተገለጠ እርጉዝ ሴት ትታያለች። ዙሪያዋን የቆሙት ባለ ኮቶችና ባለ ጋቢዎች እየሳቁ ያጨበጭባሉ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ያ ፎቶ ሲነሳ የልጄ ልብ እየደከመ ነበር። ካጨበጨቡት ውስጥ ይህን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም። ያወቅነው ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና አዋላጇ። ዓመታት አልፈዋል፣ ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ ነው የተወለደው። ልቡ መቼ እንደቆመ፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ይሁን፣ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ይሁን፣ ተኝቼ ይሁን፣ የነገረኝ ሰው የለም። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ብለው አጽናኑኝ። ከደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የጠየቅሁት የማንን ፈቃድ እንደሆነ አልነበረም። መቼ እንደሆነ ነበር የጠየቅሁት።

ሁለተኛውን ሳረግዝ እንደ አገራችን ሴቶች ደብቄ ቆየሁ። መንዝ ላይ እርግዝና መደበቅ አያስቸግርም፤ በቀሚሱ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የበግ ጠጉር ባና ሲደረብ ሆድ ይሁን የታቀፉት እቃ ማንም አይለየውም። ሆዴ ገፍቶ መደበቁ ሲያበቃ ጤና ጣቢያ መመላለስ ጀመርኩ። መሣሪያው የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው ለሙከራ ብሎ ያመጣው። ሲያዩት ሰፊ ቀበቶ ነው፤ ውስጡ ትንንሽ ማይክሮፎኖች ተሰፍተውበታል። አይወጋ፣ አያቃጥል፣ ወደ ሆድ የሚልከው ነገር የለ። ዝም ብሎ ያዳምጥና የሰማውን በድምፅ ማጉያ ያሰማል።

የመጀመሪያ ቀን አዋላጇ በሩን ዘጋች። ማሽኑ ፀጥታ ይወዳል ብላ ደጅ የተቀመጡትን ሳይቀር ዝም አስባለች። መጀመሪያ የተሰማው የራሴ ሆድ ጩኸት ነው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ቀበቶውን ዝቅ ስታደርገው ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና የፈጠነ ምት ክፍሉን ሞላው። ልቡ ነው አለችኝ። ቆይቶ በምቱ መሀል ቀጭን፣ ሳሳ ያለ ድምፅ መጣ፣ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ትንፋሽ እየተለማመደ ነው» አለች። «እዚያ ውስጥ አየር የለም፣ ግን ደረቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለሚወጣበት ቀን ነው የሚዘጋጀው፣ ቲቸር።»

አለቀስኩ። ሊወለድ እየተዘጋጀ ነዋ! የመጀመሪያውም እንዲህ ሲዘጋጅ ኖሮ ይሆናል፤ የሰማው ጆሮ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድኩ። የዚያን ልብ ፍጥነት ዓይኔን ጨፍኜ የተማሪዎቼን ድምፅ እንደምለየው ለየሁት። ያን ጊዜ ነው አዋላጇ ከእንግዲህ በጀርባዬ እንዳልተኛ ያስጠነቀቀችኝ። ማህፀን ሲከብድ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ሥር ይጫነዋል፣ ለልጁ የሚደርሰው ደም ያንሳል አለችኝ። በጎንሽ፣ በተለይ በግራሽ ተኚ አለችኝ። ሁለታችንም እናውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ መሣሪያው ይመረቃል ተባለ። መንገድ ሲመረቅ አይቻለሁ፣ ድልድይ ሲመረቅም አይቻለሁ፤ ቀበቶ ሲመረቅ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አዋላጇ ቤቴ ድረስ መጥታ ለመነችኝ። እንግዶቹ ድምፁን ሰምተው ከወደዱት መሣሪያው እዚሁ ይቀራል፣ ከሁሉም ደግሞ ያንቺ ጥርት ብሎ ይሰማል አለችኝ። እዚሁ ይቀራል የሚለው ቃል ነው የገዛኝ። ከኔ በኋላ ለሚያረግዙት አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለራሴ ምጥ አሰብኩ። እሺ አልኩ።

በቀኑ ያቺ ጠባብ ክፍል በሰው ተጨናነቀች። በጎኔ ልተኛ ስል ባለሙያው በጀርባዬ እንድሆን ጠየቀኝ፤ በጎን ከሆነ ቀበቶው ለእንግዶቹ አይታይም፣ ለፎቶም አይመችም አለ። አዋላጇን አየኋት። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አማቴ ገላዬን ሊሸፍኑ ጋቢውን ሳብ ቢያደርጉት ባለሙያው በትህትና መልሶ ገፈፈው። ባሌ እንኳ በብርሃን ያላየውን ሆዴን የወረዳው ሰው ሁሉ አየው።

የልጄ ልብ ሲሰማ ተጨበጨበ። ፀጥታ በሚወድ ማሽን ፊት! ቀጥሎ የክብር እንግዳው ንግግር ጀመሩ። ስለ እናቶች ጤና ነበር የሚናገሩት፤ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረው። ንግግራቸው ማለቂያ አልነበረውም። ላብ አጠመቀኝ፣ አጥወለወለኝ፣ ጣሪያው ዞረብኝ። ታላቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ እኔም ልጆችን የማስተምረው ይህንኑ ነው። ይሉኝታ አስሮኝ ጥርሴን ነከስኩ።

ያን ጊዜ የስፌት መኪናው ዘገየ።

ከንግግሩ ሥር ሰማሁት። ምት፣ ክፍተት፣ ምት። አዋላጇም ሰማችው፤ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጇን ወደ ማጉያው ስትዘረጋ ሰውዬውን ልታስቆምልኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጣቷ የድምፁን መቆጣጠሪያ ነካች፣ ወደ ግራ አዞረችው። ድምፁን ቀነሰችው! በዚያው ቅጽበት ሰዎቹ ለንግግሩ እየሳቁ አጨበጨቡ፣ ካሜራውም ብልጭ አለ።

ደሜ ፈላ። ይሉኝታዬ የት እንደገባ አላውቅም። የአልጋውን ብረት ይዤ ወደ ግራ ጎኔ ስገለበጥ ባለሙያው ማይክሮፎኑ ይረበሻል፣ አትንቀሳቀሺ አለኝ።

«ልጄ እየደከመ ነው» አልኩ፣ ንግግራቸውን በሚያቋርጥ ድምፅ። «እባካችሁ ዝም በሉና አድምጡት። አንቺም ድምፁን መልሺው።»

መለሰችው። የልጄ ልብ አዝግሞ፣ አዝግሞ፣ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን መልሶ ያዘ። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የክብር እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በተግባር አየን አሉ። ሰዎቹም እንደገና አጨበጨቡ።

መሣሪያውን በጣም ወደዱት። ስለወደዱትም ለሌሎች ወረዳዎች እናሳየው ብለው በመኪናቸው ይዘውት ሄዱ። ለእኛ የቀረልን ፎቶው ነው፤ አስፋፍተው፣ በመስታወት አድርገው ላኩልን።

አዋላጇ በማግስቱ ልትጠይቀኝ መጣች። በእንግዳ ፊት እንዳንዋረድ ብዬ ነው አለች። ያደረገችውን ሳትሸፋፍን በመናገሯ ትንሽ አከበርኳት፣ ይቅር ግን አላልኳትም። ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ ሌላው ሩቅ ነው። እስከ መሐል ሜዳ ከተማ እያማጥኩ መጓዝ አልታየኝም።

ምጤ የመጣው ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በጠዋት ነው። ያው አልጋ፣ ያው ግድግዳ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው ከላይ ያጨበጭብልኛል። አዋላጇ በእጇ የቀራት ድሮ የነበረው የብረት ቀንድ ብቻ ነው፤ ሰፊውን አፉን ሆድ ላይ፣ ጠባቡን ጆሮ ላይ አድርገው የሚያዳምጡበት። የሚሰማው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ደግሞ እሷ ናት። ተጎንብሳ ስታዳምጥ እጇን ያዝኩት።

«የምትሰሚውን በጣትሽ አልጋው ላይ ምቺልኝ» አልኳት። «ሲደክምም እንዳትቀንሺብኝ።»

ግራ ጆሮዋን ቀንዱ ላይ አድርጋ በቀኝ እጇ ጣት የአልጋውን ብረት መምታት ጀመረች። የስፌት መኪናው ተመለሰ። አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማርያምን ሲጠሩ በእጄ ምልክት ዝም አሰኘኋቸው፤ እሳቸውም ሳይቀየሙኝ ጸሎቱን ወደ ውስጣቸው መለሱት። ምጡ ሲበረታ ጣቷ ዘገየ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጣቷ ግን አልዋሸኝም፤ በዘገየው ልክ ዘግይታ መታች። በግራ ጎኔ አዞረችኝ፣ ጠበቅን፣ ጣቷ ፈጠነች። እንደገና ዘገየች፣ እንደገና ፈጠነች። መጨረሻ ላይ በጣም ስትዘገይ አሁን ልጁ ሳይወጣ ማረፍ የለም፣ በርቺ አለችኝ። በረታሁ።

ልጄ ሴት ናት። ትንፋሹን በደንብ ተለማምዳው ኖሮ አጯጯኋ ለጎረቤት ተረፈ። እልልታው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ የአዋላጇ ጣት ብረቱን እየመታች ነበር። አማቴ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙላትና አስቆሟት። ያን ቀን ይቅር አልኳት።

ሌሎቹን ግን አላልኩም። ቀበቶው ተመልሶ አልመጣም፤ የት እንዳለ ስጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል። ፎቶው እንዲወርድ ብጠይቅ የጤና ጣቢያው ጌጥ ነው አሉኝ። ልጄ አሁን አፏን ፈታ፣ ያየችውን ሁሉ የምትጠይቅበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። በቅርቡ ጉንፋን ይዟት ስወስዳት በማዋለጃ ክፍሉ ክፍት በር ፎቶውን አየችና እኔን ለየችኝ። እሷ የት እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ሆዴን አሳየኋት። ደስ አላት። ከዚያ የቆሙትን ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸውና ለምን እንደሚያጨበጭቡ ጠየቀችኝ።

አስተማሪ ነኝ፤ ለልጅ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። አስገባኋትና የዚያን ቀን ልቧ እንደዘገየው በጣቴ የአልጋውን ብረት መታሁላት፤ ምት፣ ክፍተት፣ ምት።