ከባሏ ጠበቃ ጋር የተቆራኘችው ድንቅነሽ

የኮልፌዋን ድንቅነሽን ነገር ላወራችሁ ስነሳ ሳቄ ይቀድመኛል። ጌሾ ነጋዴ ነበረች፤ ግን ጌሾ ሊገዛ ከሚመጣው ይልቅ ነገር ሊያማክራት የሚመጣው ይበዛ ነበር። አባቷ ሙግት ወዳድ ስለነበሩ ገና በልጅነቷ ዳኛ በተቀመጠበት ዛፍ ሥር ሁሉ ይዘዋት ዞረዋል። ምላሷ የተሳለው እዚያ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ባሏን ገሜዳን ያዙባት። በሁለት አህያ ጤፍ ጭኖ ከሆለታ ሲመለስ "ለሽፍታ ልታቀብል ነው" ብለው ወሰዱትና እስር ቤት ዘጉበት። ሦስት ወር ሙሉ ክስ የለ፣ ዳኛ የለ! ከዚያ ደግሞ የሐሙሱ ካሚዮን እስረኞቹን ወደ ሶማሌ በረሃ ሊወስዳቸው ነው ተባለ። እዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አይታ አታውቅም።

ጠበቃስ? ኧረ ጠበቃማ ነበረው! መንግሥት ያቆመለት አንድ ወጣት ጣሊያናዊ መቶ አለቃ። ስሙ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የገሜዳን ፊት ግን አንድ ቀን አላየም። የወህኒው አዛዥ አላስገባም አለው፤ እሱም እሺ ብሎ ተመለሰ። ድንቅነሽ በሄደች ቁጥር "ዶማኒ" ይላታል። ነገ ማለት መሆኑን የነገራት አስተርጓሚው ጀይሉ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሲወጣ ፈገግ ብሎ "ዶማኒ" አላት።

"ነገማ ካሚዮኑ ነው!" አለችና የነጠላዋን ጫፍ ከቀበቶው ጋር ቋጠረችው። "በሕግ አምላክ! ተቆራኝተናል!"

ወይ ጉድ! በእኛ ልማድ ሁለት ተሟጋቾች በልብሳቸው ጫፍ ከተቆራኙ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ መፈታት ነውር ነው። ድንቅነሽ ታዲያ ጣሊያንም ይህን ሳያጠና አገር ሊገዛ አይመጣም ብላ ነው! መቶ አለቃው ቀበቶውን ቢስብ እሷም አብራ ተሳበች። ሽጉጡን አይታዋለች፤ ቢሆንም ቋጠሮውን አጠበቀችው።

"ምን እያደረገች ነው?" ሲል አብሮት የወጣውን ጀይሉን ጠየቀው።

ጀይሉ ሳቁን እየዋጠ፣ "እስረኛው ሳይቀርብ አልፈታዎትም ትላለች። በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለችም ትላለች። ጭብጦ ማለት ደረቅ ቂጣ ነው፣ ጌታዬ" አለው።

ወታደሮቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያፏጫሉ። ሰውየው በሰው ፊት ከአንዲት ጌሾ ነጋዴ ጋር ይታገል? ፊቱ በርበሬ መሰለና ወደ ወህኒው መራመድ ጀመረ። እሷ ከጎኑ፣ ጀይሉ ከኋላ። የገበያ ሴቶች ሲያዩዋቸው እልልታውን አቀለጡት፤ ሰርግ የመሰላቸውም ነበሩ!

የወህኒው አዛዥማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መቶ አለቃው የተናደደው ይሄኔ ነው። "ደንበኛዬን አምጡልኝ! ክሱንም አሳዩኝ!" ብሎ ጮኸ። መዝገብ ተገላበጠ፤ ሁለት አህያና ጤፍ ከሚለው በቀር የተጻፈ የለም። ክስ ከሌለ እንግዲህ በምን ይያዝ? አዛዡ ሳቁ ጠፍቶ የመፍቻውን ወረቀት ፈረመ።

ገሜዳ ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ ወጣ። ድንቅነሽ ደስታው አቅሏን አሳታት፤ እየሳቀች አለቀሰች። ቋጠሮውን ልትፈታ ጎንበስ ስትል ከአጥሩ ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

"እትዬ! የእኔንም ስም ይንገሩልኝ! ወዬሳ!"

"በዛብህም አለሁ!"

"ስንት ናችሁ?" አለችው ባሏን።

"ከእኔ ሌላ ሠላሳ አንድ። ሁሉም ነገ ተጫኝ ናቸው።"

ድንቅነሽ ቋጠሮውን መልሳ አጠበቀችው።

"ገና አልጨረስንም፣ ጌታዬ" አለች።

ጀይሉ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት መቶ አለቃው ወረቀትና እርሳስ ጠየቀ።