ቢጫው ዘንግ

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዙሪክ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ሲጠግን ኖሯል። ጠርዙን በሞረድ ይስላል፣ ሰም በካውያ አቅልጦ ይቀባል። ቤት ሲገባ እጁ ሰም ሰም ይሸት ነበር።

ተንሸራታቹ በሁለት እጁ የሚመረኮዘው ዘንግ ጥንድ ነው። አንዱ ሲሰበር ሰዎች ደህናውንም ጥለውት ይሄዳሉ። እሱ ግን ሽዋመንዲንገን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይዞት ይመጣል፤ ሹል ጫፉ ላይ ጎማ ይሰካል፣ እጀታውን በቆዳ ይጠቀልላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፣ መቆም ለሚከብዳቸው አዛውንት መቋሚያ እንዲሆናቸው ያድላል።

አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ቢጫ ዘንግ ደረሳቸው።

"አንተ! ላስቀድስ ነው ወይስ ተራራ ልወርድ ነው?" አሉት።

"ይደገፉት እንጂ እማማ፤ ጥንዱ ቢጠፋም ሥራ አላጣም" አላቸው እየሳቀ።

የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ላስቀድስ ሄድኩ። በወንዶቹ በኩል እሱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ማንም አልያዘውም። ወንጌል ሲነበብ ዓይኔ እዚያ አረፈና ወደ በሩ ዞርኩ። ልወጣ ስል እማማ ክንዴን ይዘው ቢጫውን ዘንግ አስጨበጡኝ።

"ያዢው ልጄ፤ እኔ ግድግዳው ይበቃኛል።"

"በሰላም ግቡ" እስኪባል ድረስ ተደግፌው ቆምኩ።

ምድር ቤት ጎማ ያልሰካላቸው ጥቂት ዘንጎች ቀርተዋል። አሁን አንዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ለእማማ ቆዳ እየጠቀለልኩ ነው። ስንት ክረምት አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ ስላየሁ፣ ተመስገን፣ አጠቀላለሉ አልጠፋኝም።