ቁርጭምጭሚቱ ጋ የቆመ ደም

ታላቅ ወንድሜ እዚህ ኬንያ፣ ኢምባካሲ በሚባለው ሰፈር፣ የአውሮፕላን ጭነት መጋዘን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ስኳር እንዳለበት ያውቃል፤ ኪኒኑን የሚውጠው ግን ትዝ ሲለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ካልሲውን ሲያወልቅ የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ጫፏ ጠቁሮ አየሁ።

«ጫማው ነው የመታኝ» አለ።

«ያምሃል እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ ምንም አይሰማኝም።»

ሕመም ስላልነበረው ደስ አለኝ። አለማወቄ ነው።

ጥቁረቱ ወደሚቀጥለው ጣት ሲያልፍ ጊጊሪ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ደም ሥሩን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት ወግተው እግሩን የራጅ ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ፣ ትሑት ኬንያዊ ወጣት፣ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ከጭኑ የሚወርደው ደም ሥር ወፍራም ነው። ከጉልበቱ በታች ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሦስቱም እየቀጠኑ ይወርዱና ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርሱ ድርግም ይላሉ። ከዚያ በታች ጨለማ ነው። አጠገቡ የጤነኛ ሰው እግር አሳየን፤ ደም ሥሩ እየተከፋፈለ፣ እንደ ፀጉር እየቀጠነ፣ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ተበትኗል።

«የተዘጋው ትልቁ ቢሆን እንከፍተው ነበር» አለኝ በእንግሊዝኛ። «የጠፉት ግን ትናንሾቹ ናቸው። ከላይ ብንከፍትለትም ደሙ መሄጃ የለውም።» እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት፣ ግራውም ብዙ እንደማይሻል ነገረኝ።

ወንድሜ እንግሊዝኛ ብዙም አይገባውም። «ደምህ በደንብ አይዘዋወርም ነው የሚለው፤ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል» አልኩት።

አየት አደረገኝና ወደ ሐኪሙ ዞሮ በስዋሂሊ ጠየቀው። መጋዘን ውስጥ የተማረው ስዋሂሊ ከእኔ ይሻላል። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በእጁ ጉልበቱ ሥር እያሳየ፣ ረዘም ላለ ጊዜ መለሰለት። ወንድሜ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠው።

«ሰውዬው ይህን ሁሉ ተናግሮ» አለኝ ኮሪደሩ ላይ፣ «አንቺ ለምን አሳጠርሽብኝ?»



ቆረጡት። ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ፤ ለመዳንም ደም ያስፈልጋል፣ ደሙ ደግሞ እዚያም አይደርስም። ከሁለት ወር በኋላ ከጉልበቱ በላይ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። የመጋዘን ጓደኞቹ መጀመሪያ በየእሑዱ ይመጡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀሩ።

ባለፈው ወር የግራ እግሩን ሳጥብለት አውራ ጣቱ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ማጠቤን ቀጠልኩ።

«አይቼዋለሁ» አለ ከላይ። «ካየሁት ሰንብቻለሁ።»

«ማክሰኞ የክትትል ቀጠሮ አለህ፤ ለሐኪሙ እናሳየዋለን።»

«አልሄድም። ቆርጠው ቆርጠው የት ሊደርሱ ነው? በቃኝ እህቴ።»

እንደ ድሮው ብለምነው፣ ባለቅስ፣ ብቆጣ ምናልባት እሺ ይለኝ ይሆናል። ግን ያንን ፎቶ እኔም አይቼዋለሁ። እግሩን በፎጣ አደረቅሁለት፤ ካልሲውን አለበስኩት። ሰኞ ጠዋት ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩ።