የዓሣው በረት ቁጥር

በደርግ ዘመን ወረታ ግብርና ቢሮ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ እንደተቀጠርኩ ከበላይ አንድ ቅጽ መጣ። «በበረት የሚረባ ዓሣ ብዛት» ይላል። በፎገራ ሜዳ እንዲህ ያለ በረት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ከጣና የሚወጣውን አምባዛ የሚባል ዓሣ በቅርጫት ይይዙና ውሃው ውስጥ በሸምበቆ አጥረው፣ የኑግ ፋጉሎ እየበተኑለት ያሰነብቱታል።

በታንኳ ሄድኩ። በግንቦት ከብት ሲግጥበት ያየሁት ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሆኗል፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አባባ፣ ስንት ዓሣ አለዎት?»

«ኧረ በስመ አብ በል! ነፍስ ያለው ይቆጠራል እንዴ? ላሞችህ ስንት ናቸው ብሎ የጠየቀኝ እንኳ የለም!»

የፎገራ ሰው ከብቱን አይቆጥርም፤ የተቆጠረ በረከቱ ይሸሻል ይላል። ይህን አላጣሁትም። ግን ቅጹን ባዶውን ብመልስ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ታንኳው ላይ እንደተቀመጥኩ «ሁለት መቶ» ብዬ ጻፍኩ። ከየት አመጣሁት? ከራሴ!

ብዙም ሳይቆይ ሙላቱ ባሰና ዓሣው ሁሉ በአጥሩ ላይ ዋኝቶ ሄደ። ቁጥሬ ግን አልሄደም። ሽማግሌው ሁለት መቶ ዓሣ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ፣ ካልሆነ እንዲታሰሩ ደብዳቤ ወጣ። ሮጬ ለኃላፊዬ ውሸቴን ተናዘዝኩ።

«ጓድ፣ ወደ ላይ የሄደ ቁጥር አይመለስም» አለኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩማ ጭራሽ። ሄጄ የሽማግሌው እግር ላይ ወደቅኩ። ይረግሙኛል ስል «ተነስ፣ ታንኳዋን ግፋ» አሉኝ።

ውሃው መጉደል ጀምሯል፤ ሲጎድል ዓሣው በየጉድጓዱ ይቀራል። የታንኳዋን መግፊያ ዘንግ ጭቃው ውስጥ ይተክሉና ጫፉን ጆሮአቸው ላይ አስጠግተው ያዳምጣሉ። «እዚህ የለም» ይላሉ፤ እንሄዳለን። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ፈገግ አሉ። ቅርጫቱ ሲወርድ ውሃው ፈላ! አምባዛ በአምባዛ ላይ ሲገለባበጥ፣ እኔ የተማርኩት ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። በዘንግ ዓሣ የሚሰማ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

«አንተ ቁጠር፤ ከውሃ የወጣ ይቆጠራል» አሉኝ። ሁለት መቶ ስል የቀረውን ገልብጠው ለቀቁት።

«ምነው አባባ፣ ለቤትዎስ?»

«የጻፍከው ሞላልህ አይደል? ይሄ ለዘር ነው።»

ዕቅዱ ተሳካ ተባለ፤ እኔም ተመሰገንኩ። ውሸቴን እውነት ያደረጉት እሳቸው መሆናቸው የትም አልተጻፈም።

በቀጣዩ ክረምት ያው ቅጽ መጣ። ስሄድ ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ገመድ ይገምዳሉ፤ ሸምበቆው ተነቅሏል።

«በረቱስ አባባ?»

«ቆጠርከው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

አፍሬ «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰጠሁት ቁጥር ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ኃላፊዬ ግን «የተሳሳተ ነው፤ ደግመህ ቁጠር» ብሎ ቅጹን መለሰልኝ።