የእታለም መጋረጃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስመኝ ከባሕር ዳር መጣች። እዚያ ነርስ ናት። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ጣና ላይ የግማሽ ቀን ጉብኝት ሄደው ኖሮ፣ ያነሡትን ልታሳየኝ ስልኳን ይዛ ሱቄ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ሞጣ ገበያ ዳር ጫማ እሸጣለሁ። ሁሉም ዓይነት አለኝ፤ እኔ ግን ክር ያለው ጫማ አላደርግም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ በወገቤ አመካኛለሁ።

«ደሴቱ ላይ ሴት ስለማትገባ እኔ ከታች ቀረሁ» አለችኝ። «ግን አንዱን ልጅ ውስጡን ሁሉ ቅረጽልኝ አልሁት። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አየሁ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የተደረደሩ ጫማዎች መጡ። ሸራ ጫማ፣ ሰንደል፣ አንድ ውድ ቆዳ። ቀጥሎ ጨለም ያለ ውስጥ፣ ከግድግዳው ላይ ዓይናቸውን ያፈጠጡ ቅዱሳን፣ መጋረጃዎች።

«አባባ፣ መስኮቱ የቱ ጋ ነው?»

«የምን መስኮት?»

«በእማማ እታለም መጋረጃ ላይ ጠዋት ጠዋት ብርሃን የሚጥለው ነዋ። ደጋግሜ አየሁት፤ በዚያ ወገን መስኮት የለም።»

በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ፈልጎ ገባ። ደንበኛ እንደዚያ በሰዓቱ መጥቶልኝ አያውቅም። ተነሥቼ አስተናገድሁት፤ በጠራው ዋጋም ሰጠሁት። ሞጣ ላይ እንዲህ ያለ ነጋዴ ታሟል ነው የሚባለው። ሰውዬውም ጫማውን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ፣ ምን ጉድ ቢኖረው ነው እያለ ሄደ።

እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ እኔ እታለም ስላልኋት ቢቸና ሙሉ እታለም አላት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ገና ሕፃን ሳለሁ ክፉ ኩፍኝ ያዘኝና ጎረቤቱ ሁሉ ተስፋ ቆረጠ። እሷ ግን በጣና ደሴት ላለው ታቦት ተሳለች፤ ይህ ልጅ ከተረፈልኝ በእጄ የፈተልሁትን መጋረጃ ራሴ ይዤ እመጣለሁ ብላ። ደሴቱን አይታው አታውቅም። አንድ ጊዜ በቢቸና ያለፉ መነኩሴ ሲያወሩለት ሰምታ ነው። ሴት ከዳር እንደማታልፍም ያኔውኑ ሰምታለች፤ ግድ አልሰጣትም።

ተረፍሁ። እሷም መፍተል ጀመረች። የመጀመሪያውን ፈትል እኔ ጎረምሳ ሆኜ ንግድ ሲያምረኝ ለመነሻዬ ብላ ሸጠችው። ከዚያ ጥጡን እንደገና መዳመጥ ያዘች። ሁለተኛው ፈትል ተሸምኖ መጋረጃ ሲሆን እኔ ሞጣ ገብቼ የቆዳ ነጋዴ ሆኛለሁ፤ ጢሜም አብቅሏል፤ ከባለ ጭነት መኪናዎቹ ጋር በስም እጠራራለሁ። ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው፤ እንደሚያበቃ ግን ማንም አልነገረንም።

ወሩ ጥር ነበር። ጤፉ ተወቅቶ የየአውድማው ጭድ በነፋስ እየተነሣ መንገደኛውን ዓይን ዓይኑን የሚለው ጊዜ። ከቢቸና በበቅሎ አስመጣኋት፤ ከሞጣ ባሕር ዳር ቆዳ በጫነ መኪና ሄድን። ለእሷ ጋቢናውን ለመንሁላት፣ እኔ ከላይ ቆዳው ላይ ተቀመጥሁ። መንገዱ በበጋ ብቻ የሚኬድበት ስለነበር ከመኪናው ይልቅ እኛ የደከመን ይመስለኛል። ለምሳ ስንቆም በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። መጋረጃውን ከጭኗ አላወረደችም፤ ቆዳ ቆዳ እንዳይሸት በሁለት ነጠላ ጠቅልላው ነበር።

ባሕር ዳር ለደጋ ሰው ሌላ አገር ነው። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ ዘንባባው፣ ፓፓያው፣ የውኃው ሽታ። እታለም ወደ ደሴቱ በታንኳ ሄዳ፣ ሴቶች በሚያርፉበት ዳር አድራ፣ ሌሊቱን የቅዳሴውን ድምፅ ከሩቅ ሰምታ መመለስ ነበር ሐሳቧ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ቆዳውን የማስረክበው ሰው ቀጥሬያለሁ። ባለሞተር ጀልባ ጎብኚ ይዞ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ እንደሚመለስ ሰማሁና፣ «ምን በታንኳ ያንገላታሻል? በግማሽ ቀን ደርሰን እንመለሳለን» አልኋት።

«ስለት እኮ በጥድፊያ አይገባም» አለች።

«ስለቱን አይደለም የማጣድፈው፤ ውኃውን ነው።»

ሣቀች። እሺ ያለችው ግን ስለሣቀች አይመስለኝም፤ ለእኔ እሺ ማለት ስለለመደባት ነው።

ለዚህ ጉዞ ብዬ አዲስ ጥቁር ጫማ ገዝቼ ነበር፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ባለ ክር ጫማ። ማሰሩን አላውቅበትም። ወደ ጀልባው ስንሄድ ክሩ እየተጎተተ ልወድቅ ደረስሁ።

«ና ወዲህ» አለችኝ። ጀልባው ውስጥ አስቀምጣኝ ሁለቱንም ጫማ አሰረችልኝ። ፈትል ሲበጠስባት የምትቀጥልበትን ቋጠሮ ነው የቋጠረችው፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ሌላ ሰው የማይቋጥረው። ጥፍር እንኳ አያስገባም።

«ደጃፉ ላይ ስታወልቅ ትቸገራለህ። ታግለህም ቢሆን ፍታው፤ በጫማ እንዳትገባ» አለች።

ከእኛ ጋር አንድ ፈረንጅና ሚስቱ ተሳፈሩ። አስጎብኚው ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ለፈረንጆቹ እጁን እያወራጨ ብዙ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይህ እንግዲህ ደሴት ነው» ይላል።

«ለእነሱ ያን ሁሉ ብለህ ለእኛ ይቺን ብቻ?» አለችው እታለም።

«እናንተማ ታውቁታላችሁ፣ እማማ።»

«ደሴት መሆኑንማ ዙሪያውን ውኃ ስናይ አወቅን። ስለታቦቱ ምን አልሃቸው?»

የፈረንጁ ሚስት እታለም ምን እንዳለች አስጎብኚውን ጠየቀችው፤ ሲነግራት ሣቀችና ለእታለም ብስኩት ሰጠቻት። እታለም ብስኩቱን ተቀብላ ቆሎ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ተስማሙ።

ደሴቱ ከሩቅ ጥቁር ነው፤ ሲቀርቡት አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲወርዱበት ይተነፍሳል። ዋርካ፣ ከጥላው ሥር ቡና፣ ሎሚ፣ ትርንጎ፤ ስሙን የማላውቀው ወፍ ከላይ ይጮኻል። ዳሩ ላይ ሴቶች የሚያርፉበት ድንጋይ ነበር። አስጎብኚው ሰዓቱን አሳየን፤ ፊሽካ ስነፋ ሁሉም ጀልባ ላይ ይሁን አለ።

እታለም ነጠላዎቹን ፈትታ መጋረጃውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ግባና እይልኝ። በየት በኩል እንደሚሰቅሉት፣ አጠገቡ የማን ሥዕል እንዳለ፣ ብርሃን ያገኝ እንደሆነ። አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ።»

«እሺ እታለም።»

«እሺ አትበለኝ። እይ።»

ወደ ላይ ወጣሁ። እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ በእውነት የስለት ሰው ነበርሁ። ከዚያ በስተግራ ጌሾ አየሁ። እንዲህ ያለ ጌሾ አይቼ አላውቅም፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ወዙ ከሩቅ የሚያበራ። ቅጠል ቀጠፍሁና በመዳፌ አሽቼ አሸተትሁ። ሞጣ ያሉ ጠላ ጠማቂዎች ሁሉ በዓይኔ መጡ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ፤ የገዳሙ መጋቢ ናቸው።

«አባ፣ ይህ ጌሾ ለማን ነው?» አልኋቸው።

«ለእግዚአብሔር ነው።»

«ከእሱ የሚተርፈውስ?»

«የሚተርፈው ይሸጣል» አሉና ገላመጡኝ። «የየት አገር ሰው ነህ?»

«የሞጣ።»

«ጌሾ ሞጣ ላይ አሁን በስንት ይሄዳል?»

ያን ጊዜ ከእኔ የባሰ ነጋዴ እንዳገኘሁ ገባኝ፤ ደስም አለኝ። የደረቀውን የሚያከማቹበት ወሰዱኝ። እሳቸው እንጨቱም ይመዘን አሉ፣ እኔ ቅጠሉ ብቻ አልሁ። ተነሥቼ ሄድሁ፣ ጠሩኝ፤ እሳቸው ሄዱ፣ ጠራኋቸው። መጋረጃውን በብብቴ ይዤ ነበር ይህ ሁሉ። በመጨረሻ ተስማማንና ሁለት ትርንጎ መረቁልኝ። ይኸኔ ፊሽካው ተነፋ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ። ደጃፉ ላይ አንድ ዲያቆን ቆሟል። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ከፀሐይ የመጣ ዓይን ጨለማ እንጂ ምንም አያይም። ወደ ጫማዬ አየሁ። ቋጠሮው ተቀምጧል። ፊሽካው ደገመ፤ የቆዳው ሰው በዓይኔ መጣ። መጋረጃውን ለዲያቆኑ ሰጠሁት፣ «የስለት ነው፣ ከቢቸና ነው፣ ያስገቡልኝ» አልሁና ቁልቁል ወረድሁ። አላጎነበስሁም።

እታለም ከፈረንጇ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ብድግ አለች። ጀልባው እስኪነሣ አልጠበቀችም።

«ሰቀሉት?»

«ሰቀሉት።»

«የት?»

እኔ ስዋሽ ቀድሜ አስቤ አይደለም፤ አጠገቤ ያገኘሁትን አንሥቼ ነው። ከኋላዋ ፀሐይ ውኃው ላይ ወድቃ ታበራለች። «ከመቅደሱ በስተቀኝ። አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው ብለውኛል። ጥለቱ ያበራል» አልኋት። አፌ ከተፈታልኝ ደግሞ አላቆምሁም። ጊዮርጊስን ከነፈረሱ አጠገቡ ሣልሁት። ቄሱን አስመረቅኋቸው።

ጀልባው ሲነሣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ትርንጎውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ስለ ፈረሱ ቀለም ጠየቀችኝ፤ ነጭ አልኋት። ቀጥላ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተችና ዓይኗን ወደ ታች አደረገች። ከዚያ፣ «በቃ፣ ደስ ይላል» አለችና ወደ ውኃው ዞረች። ረካች ብዬ ነበር።

ከተማ ገብተን ማረፊያችን ስንደርስ እግሬ በሙቀቱ አብጦ ጫማው ጠበበኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ክሩን ለመፍታት አጎነበስሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ቋጠሮው የሷ ነው፤ ትንሿ፣ ጠፍጣፋዋ፣ ጠዋት እንደቋጠረችው ያለችው። እንኳን በሌላ ሰው በእኔም የማትቋጠረዋ። በጥፍሬ ብታገል አልፈታልህ አለኝ። ቀና ስል እታለም ታየኛለች።

«ተወው» አለች። መጥታ ፊቴ ተንበረከከች፤ ከጠጉሯ ወስፌ ነቀለችና የቀኙን ፈታች፣ የግራውን ፈታች። ጫማዎቹን አውልቃ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ ልክ ደጃፍ ላይ እንደሚቀመጥ።

«የቆዳው ሰው እንዳያመልጥህ» አለችኝ። ስለ ቋጠሮው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲያ።

ቢቸና ስትመለስ ግን መናገር ጀመረች። በየማኅበሩ፣ በየዝክሩ፣ ስለ መስኮቷና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ነጩ ፈረስ። ከእኔ በተሻለ ትናገረዋለች፤ ሴቶቹ እንባ ያወጣሉ። እኔ ካለሁ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድሜ በዓይኑ አይቶታል። አይደለም?» ትላለች።

«ነው» እላለሁ።

በስተርጅናዋ ለስመኝ ስትነግርም እንዲሁ ጠይቃኛለች፤ ነው ብያለሁ። ምሕረት ታደርግልኝ ኖሮ እንደሆነ ወይስ ታስከፍለኝ፣ እስካሁን አልለየሁም። ምናልባት ስለ እኔ ጨርሶ አታስብ ይሆናል፤ ያን ያህል ዘመን የፈተለችው መጋረጃ የሚንጠለጠልበት ቦታ ያስፈልጋት ነበር፣ ያለው ደግሞ እኔ የሰጠኋት ብቻ ነው። ተመልሼ ሄጄ እገባለሁ ስል ዘመኑ ተለወጠ፣ ንግዱ ተዘጋ፣ ንግዱ ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር መንገድ አላጣሁም። ብገባ መስኮቱ እንደሌለ ላውቅ ነው። እሷ እያለች ያንን ማወቅ አልፈለግሁም፤ እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ የባሰ አልፈለግሁም።

ሰውዬው የልጁን ጫማ ይዞ ሲሄድ ስመኝ እንዳለች ነበረች።

«መስኮቱን አላሳዩኝም» አለች።

ተቀመጥሁ። «ስመኝ፣ እኔ አልገባሁም። ከደጃፍ ነው የተመለስሁ።»

ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እማማ እታለም ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቅ ነበር።»

«በምን አወቀች?»

ነገርኋት። ስለ ቋጠሮው ስነግራት ወደ እግሬ አየች፤ ክር ወደሌለው ጫማዬ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከወር በኋላ ፈቃድ እንዳላት፣ ጀልባው አሁን ደህና መቀመጫ እንዳለው ትነግረኝ ጀመር።

«አብረን እንሄዳለን። እኔ ከታች እጠብቅዎታለሁ፤ እርስዎ ገብተው አይተው ይነግሩኛል። ያለውን ብቻ።»

«እሺ» አልኋት።

ተነሥቼ ከላይኛው መደርደሪያ በልኬ አንድ ባለ ክር ጫማ አወረድሁ። አቧራውን ጠርጌ አደረግሁት፣ እግሬንም ወደ እሷ ዘረጋሁ። ይህን ያህል ዘመን ጫማ ሸጬ ማሰር አላውቅም።